የአያትሽ ሎኮሞቲቭ ዲጂታል ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ሞተሩን ከብረቱ ለዪው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በደብረ ብርሃን የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ። አያቴ ለሥልጠና ጀርመን ሀገር ሄደው ሲመለሱ ያመጡት የፍላይሽማን ሞዴል ሎኮሞቲቭ አለን። የእንፋሎት ባቡር አምሳያ ነው፤ በሁለት ሐዲድ ይሄዳል፤ ሞተሩ ክብ ነው። በአሮጌው ትራንስፎርመር ሲሞከር ይሄዳል፤ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ቀስ ሲል ደግሞ መብራቱ ይጠፋል። አክስቴ ከፍራንክፈርት ሌላ አዲስ ሎኮሞቲቭ ልካልኛለች፤ እሱ ዲጂታል ነው። የጣርማበርን ተራራና ዋሻ በሰሌዳ ላይ እየሠራሁ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ ማዘዝ እፈልጋለሁ። አክስቴ ዲኮደር ልግዛልሽ ብላኛለች። የትኛውን ልበላት? ሽቦውስ የት የት ይገባል?»

ምላሽ፦ ልጄ፣ ይቻላል። የአያትሽ ሎኮሞቲቭ ከአዲሱ ጋር በአንድ ሐዲድ ላይ እንዲሄድ ማድረግ ትችያለሽ፤ ልፋቱም የሚክስ ነው። አክስትሽ ግን ትንሽ ትታገስ። የሚስማማውን ዲኮደር (በሎኮሞቲቩ ውስጥ ተቀምጦ ዲጂታሉን ትእዛዝ የሚያነብና ሞተሩን የሚያዝዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚነግረን የሞተሩ ልኬት ነው፤ ያን ልኬት ደግሞ ገና አልወሰድሽም። ከሁሉ በላይ፣ ሎኮሞቲቩ አሁን ባለበት ሁኔታ ዲኮደር ቢበየድበት ኃይል ባገኘበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ምክንያቱን ሳላስረዳሽ የሽቦ ቀለም ብነግርሽ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በአሮጌው አሠራር ሐዲዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ትራንስፎርመሩ ከዜሮ እስከ 12 ቮልት ያህል የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) ኃይል ይሰጣል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ሲቀንስ ይዘገያል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲቀያየሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለት ሎኮሞቲቮች አንድ ሐዲድ ላይ ከቆሙ ሁለቱም ለአንድ ትእዛዝ ይነሣሉ። መብራቱም የሚበራው በዚያው ቮልት ነው፤ ስለዚህ ቀስ ሲል መጥፋቱ ብልሽት አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ነው።

ዲሲሲ በሚባለው ዲጂታል አሠራር ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፤ እንደ አንቺ ላለው ኤችኦ ለሚባለው የሞዴል መጠን (ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ) አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ቮልት ይሆናል። ይህ ኃይል በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን ይቀያይራል፤ መልእክቱም የተጻፈው በዚሁ መቀያየር ውስጥ ነው። አንዱ ግማሽ ምት 58 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ «1»፣ 100 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «0» ተብሎ ይነበባል። መሠረቱን የጣለው ሌንዝ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር መስፈርት አድርጎ ስላጸደቀው ዛሬ የአንዱ ፋብሪካ ዲኮደር የሌላውን ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ይሰማል። ዲኮደሩ መልእክቱን ያነብባል፤ በቁጥሩ ካልተጠራ ዝም ይላል፤ ከተጠራ ከሐዲዱ ያገኘውን ኃይል ወደ ዲሲ ለውጦ በአራት ትራንዚስተሮች እየቆራረጠ ለሞተሩ ያደርሳል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በሐዲዱና በሞተሩ መካከል ከዲኮደሩ በቀር ሌላ መንገድ መኖር የለበትም። አንዱ የሞተር ጫፍ እንኳ ሐዲዱን የሚነካ ከሆነ የሐዲዱ ኃይል ሞተሩን ትቶ በትራንዚስተሮቹ በኩል ሾርት ያደርጋል፤ ትራንዚስተሮቹም ይሞታሉ። የአያትሽ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ይህ መንገድ ሆን ተብሎ የተሠራለት ነው። ፍላይሽማን በኑረምበርግ በ1887 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የመጫወቻ ፋብሪካ ሲሆን የኤችኦ ባቡሮቹን ያወጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ዲኮደር የሚባል ነገር ስላልነበረ ሽቦ መቆጠቡ ብልህነት ነበር። ከአንዱ ሐዲድ የሚመጣው ኃይል በጎማዎቹ በኩል ወደ ብረቱ አካል ይገባል፤ ከብረቱ አካል ደግሞ በክቡ የሞተር ሽፋን ላይ ባለች ትንሽ የብረት ምላስ ወይም ብሎን በኩል ወደ አንደኛው ካርቦን፣ ማለትም ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ እየነካ ወደሚያደርሰው ቁራጭ፣ ይሻገራል። ሁለተኛው ካርቦን ብቻ ነው ከወዲያኛው ጎን ጎማዎች በሽቦ የሚቀበለው።

ስለዚህ ቴስተርሽን በኦም ላይ አድርጊና ጀምሪ። አንዱን ጫፍ በብረቱ አካል ላይ፣ ሌላውን በየተራ በሁለቱ የካርቦን ቤቶች ላይ አሳርፊ። ካርቦኖቹ በቦታቸው ሳሉ ጅረቱ በሞተሩ ጥቅል ውስጥ ስለሚያልፍ ሁለቱም ጥቂት ኦም ሊያሳዩሽና ሊያደናግሩሽ ይችላሉ። ካርቦኖቹን አውጥተሽ ከለካሽ ግን እውነቱ ይታያል፤ አንደኛው ቤት ዜሮ ኦም ያሳያል፤ ሌላው ምንም አያሳይም። ዜሮ የሚያሳየውን ነው ከብረቱ የምትለዪው።

ይህን ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምላሷን መቁረጥ ወይም ማንሣትና የብሎኑን ቀዳዳ በፕላስቲክ ቀለበት መለየት ነው። ሁለተኛው ሁለቱም የካርቦን ቤቶች ከብረቱ ተለይተው የተሠሩበትን ተለዋጭ የሞተር ሽፋን መግዛት ነው። ለእነዚህ ክብ ሞተሮች እንዲህ ያለ ሽፋን ጀርመን ሀገር ይሸጣል፤ አክስትሽ ባለችበት ከተማ ማግኘት አይከብድም። እኔ ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን እመክርሻለሁ። የአያት ዕቃ ነው፤ የተቆረጠ ብረት አይመለስም። አሮጌውን ሽፋን ከነብሎኑ በትንሽ ፌስታል ቋጥረሽ ስም ጽፈሽበት አስቀምጪው፤ አንድ ቀን ልጆችሽ ወደ ቀድሞው አሠራር ልመልሰው ቢሉ ሁሉም ነገር በእጃቸው ይሆናል።

ሽፋኑን ስትፈቺ ነጭ ጨርቅ አንጥፈሽ ሥሪ፤ ካርቦኑን የሚገፉት ስፕሪንጎች ትናንሽ ናቸው፤ ተፈናጥረው ይጠፋሉ። ማግኔቱን ግን ከቤቱ አታውጪው። የድሮ ማግኔቶች ከቤታቸው ሲወጡ ጉልበታቸው ሊቀንስ ይችላል፤ ማግኔቱ የደከመ ሞተር ደግሞ ለአንዱ ሥራ ብዙ ጅረት ይስባል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው እዚህ ላይ ነው። ዲኮደር የታመመ ሞተርን አያድንም። እንዲያውም ያብስበታል፤ በዲሲ ላይ ለቅጽበት ግንኙነት ሲቋረጥ ሎኮሞቲቩ በግፊቱ ያልፋል፤ በዲጂታሉ ግን ዲኮደሩ ራሱ ኃይል አጥቶ እንደገና ይነሣል፤ ባቡሩም ይደናቀፋል። ስለዚህ በአሮጌው ትራንስፎርመር ላይ ቀስ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እስኪሄድ ድረስ ዲኮደሩን እርሺው።

በእናንተ ከተማ ብርድ አሮጌ ግራሶ እንደ ሰም ይደርቃል። ጥርሶቹን በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እጠቢ፤ አልኮሉ ግን የሎኮሞቲቩን ቀለምና ጽሑፍ እንዳይነካ ተጠንቀቂ፤ ቀለሙን ይልጠዋል። ካርቦኖቹ የሚነኩትን የመዳብ ቀለበት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጊው፤ በመካከሉ ባሉት ክፍተቶች ውስጥ የገባውን ጥቁር ብናኝ በስንጥር አውጪው። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ እየወሰድሽ ለእያንዳንዱ መዞሪያ አንዲት ጠብታ ብቻ ስጪ። ዘይት ሲበዛ ወደ መዳቡ ይፈስሳል፤ ካርቦኑን ያበላሻል። ጎማዎቹንም እዪ፤ አንዳንዶቹ እንዳይንሸራተቱ የጎማ ቀለበት የተደረገላቸው ናቸው፤ እነርሱ ኃይል አይቀበሉም። የደረቀና የተሰነጠቀ ቀለበት ካለ ይቀየር። ኃይል የሚቀበሉት የብረት ጎማዎች ግን እስኪያበሩ ድረስ ይጠረጉ፤ አሸዋ ወረቀት አይነካቸው፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ያጠራቅማል።

ሞተሩ ከጸዳ በኋላ ልኬቱን ውሰጂ። 12 ቮልት ዲሲ ስጪውና አምፔር መለኪያውን በመስመሩ ላይ አስገቢ። መጀመሪያ በነጻ ሲዞር፣ ቀጥሎ ሎኮሞቲቩን ሐዲዱ ላይ በጣትሽ ተጭነሽ ጎማዎቹ እንዲቆሙ ስታደርጊ የሚስበውን ጻፊ። ማቆሙ ከአንድ ሰከንድ አይብለጥ፤ የቆመ ሞተር ጥቅሉን ያቃጥላል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው ዲኮደሩን የሚመርጠው። ከ1 አምፔር በታች ከሆነ የተለመደው የኤችኦ ዲኮደር ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ወይ ጽዳቱ ይደገማል፣ ወይ ጠንከር ያለ ዲኮደር ይፈለጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ዲኮደሩ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው፤ በቦይለሩ (በሎኮሞቲቩ ክብ የእንፋሎት ጋን) ውስጥም ተዘግቶበት ይቀመጣል። ስለዚህ በአምፔሩ ላይ ህዳግ ተዪለት። የጣርማበርን አቀበት በሰሌዳሽ ላይ ስትሠሪም በአንድ ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አታስወጪው፤ እውነተኛው ተራራ እንዴት ቀጥ ያለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሎኮሞቲቩ ግን መኪና አይደለም።

የዲኮደሩን ዓይነት በተመለከተ፣ የሞተሩን ፍጥነት ከሞተሩ በሚመለሰው ቮልት እየለካ የሚያስተካክል ይሁን። ሌንዝ፣ ኢኤስዩ፣ ዚሞ ሁሉም እንዲህ ያለ ይሠራሉ። ድምፅ የሚያሰማውን አሁን አትግዢ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለድምፅ ማጉያውም ቦታ ያስፈልጋል። ባለ 8 እግር መሰኪያ ያለውን ምረጪ፤ ከእርሱ ጋር ሶኬቱን ለብቻው ታስልክልሽና ሽቦዎቹን ሁሉ ከሶኬቱ ጋር በይጂ። ዲኮደር ቢበላሽ ወይም ወደ ሌላ ሎኮሞቲቭ ማዛወር ብትፈልጊ ካውያ ሳታነሺ ነቅለሽ ትተኪዋለሽ።

የሽቦዎቹ ቀለም በመስፈርት የተወሰነ ነው። ቀዩ ሎኮሞቲቩ ወደ ፊት ሲመለከት በቀኝ በኩል ካሉት ጎማዎች፣ ጥቁሩ በግራ በኩል ካሉት ይቀበላል። አንደኛው ጎን በብረቱ አካል በኩል ስለሚመጣ ለእርሱ የሚሆነውን ሽቦ ከብረቱ አካል ላይ ታስሪዋለሽ። ብርቱካናማውና ግራጫው ለሁለቱ ካርቦኖች ናቸው፤ ባቡሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሄደ እነዚህን ሁለቱን ብቻ አቀያይሪ። ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ መብራት ነው፤ ሰማያዊው ለመብራቶቹ ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። የማትጠቀሚባቸውን አረንጓዴና ሐምራዊ ሽቦዎች ጫፋቸውን በናስትሮ ሸፍኚ፤ ብረት እንዳይነኩ።

በሞተሩ አጠገብ ትንንሽ ካፓሲተሮችና የሽቦ ጥቅሎች ታገኛለሽ። የተቀመጡት ሞተሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንዳይረብሽ ነበር። ዲኮደሩ ለሞተሩ የሚሰጠውን የተቆራረጠ ኃይል ስለሚያዛቡ ይውጡ፤ እነርሱም ወደ ፌስታሉ ይግቡ።

መብራቱ የራሱ ጣጣ አለው። የድሮው አምፖል ቤት በብረቱ አካል ላይ ስለሚሰካ አንዱ ጫፉ ሐዲዱን ይነካል። ሌላውን ጫፍ ከነጩ ሽቦ ጋር ብታገናኚው ይበራል፤ ግን ግማሽ ምቱን ብቻ ስለሚያገኝ ይደበዝዛል፤ ሊርገበገብም ይችላል። በኤልኢዲ ለውጪው። የኤልኢዲውን ፖዘቲቭ ከሰማያዊው፣ ኔጋቲቩን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከነጩ ጋር አገናኚ። በ14 ቮልት 11 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፤ ያ ለአንድ መብራት ይበቃል። ለእንፋሎት ባቡር የሚያምረው ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ነው፤ ነጭ ወይም ሰማያዊነት ያለው ኤልኢዲ መልኩን ያበላሸዋል።

ስትበይጂ አንድ ነገር አደራ። ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደርቆ ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ ሰው ሁሉ ሱፍ ነው የሚለብሰው። የመንዝ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ በደረቅ አየር ሲፋተጉ የሚፈጥሩት የቆመ ኤሌክትሪክ ለዲኮደር አደገኛ ነው። ዲኮደሩን ከማሸጊያው ከማውጣትሽ በፊት ሱፉን አውልቂና የጥጥ ጋቢ ደርቢ፤ መሬት የያዘ ብረትም በእጅሽ ንኪ።

መቆጣጠሪያውን አልጠቀስሽም። ከሌለሽ፣ የኤሌክትሪክ ተማሪ እንደመሆንሽ ራስሽ እንድትሠሪው እመክራለሁ። ዲሲሲ-ኢኤክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አርዱዪኖ ሜጋ በሚባለው ሰሌዳ ላይ ይጫናል፤ ከላዩ የሞተር መንጃ ሰሌዳ ይደረብበታል፤ ትእዛዙን ከኮምፒውተር ወይም፣ የዋይፋይ ክፍል ከጨመርሽለት፣ ከስልክሽ ትሰጪዋለሽ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። የመንጃ ሰሌዳው የሚቀበለውን ቮልት ወደ አርዱዪኖው የሚያሻግር ቪን የሚባል እግር አለው፤ ከ12 ቮልት በላይ የምትሰጪ ከሆነ ያን እግር አጥፈሽ አርዱዪኖውን በዩኤስቢ ለብቻው መግቢው። ሁለተኛ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር በእጅሽ ስላለ ብቻ አትጠቀሚበት፤ አብዛኛው 19 ቮልት ነው፤ ለአሮጌ ትንሽ ሞተር ይበዛል።

ሁሉም ከተበየደ በኋላ ዲኮደሩን ሳትሰኪ ቴስተሩን እንደገና አንሺ። ከብርቱካናማው ወደ ብረቱ አካል፣ ከግራጫው ወደ ብረቱ አካል፣ ከሁለቱም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎማዎች ለኪ። አንዱም ቢሆን ማለፊያ ካሳየ አትሰኪ፤ ፈልጊው። ጎማዎቹን በእጅሽ እያዞርሽም ለኪ፤ ሲዞር ብቻ የሚነካ ሽቦ ይኖራል።

ንጹሕ ከሆነ ዲኮደሩን ሰክተሽ ሎኮሞቲቩን በፕሮግራም ሐዲዱ፣ ማለትም ለቅንብር ብቻ በተለየው ሐዲድ፣ ላይ አስቀምጪ፤ እዚያ መቆጣጠሪያው ጅረቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚገድበው ስሕተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። ቁጥሩን እንዲያነብልሽ ጠይቂው። ዲኮደሩ የሚመልሰው ሞተሩን ለ6 ሚሊ ሰከንድ ያህል በመንካትና ቢያንስ 60 ሚሊ አምፔር በመሳብ ነው፤ ሎኮሞቲቩ ስንዝር ሳይሄድ ንቅንቅ ሲል ታያለሽ። «3» ብሎ ከመለሰ ሞተሩም ሐዲዱም በትክክል ገብተዋል፤ ዲኮደሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ቁጥራቸው 3 ነውና። ካልመለሰ ከሁሉ አስቀድመሽ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች እዪ።

ከዚያ በኋላ ቅንብሩ ቀላል ነው። ሲቪ የሚባሉት በዲኮደሩ ውስጥ ቅንብሩ የሚጻፍባቸው ቁጥር ያላቸው ቦታዎች ናቸው። ሲቪ 1 ላይ ከአዲሱ ሎኮሞቲቭ የተለየ ቁጥር ስጪው። ሲቪ 3 አነሣሡን፣ ሲቪ 4 አቋቋሙን ያለዝባሉ፤ ከባድ የእንፋሎት ባቡር ቀስ ብሎ ሲነሣ ነው የሚያምረው። ሲቪ 5 ከፍተኛውን ፍጥነት ይገድባል፤ የድሮ ሞተሮች ከመጠን በላይ ስለሚሮጡ ዝቅ አድርጊው። ሲቪ 29 ብዙ ጊዜ 6 ሆኖ ይመጣል፤ 2 አድርጊው፤ ይህ ዲኮደሩ በዲሲ ላይ እንዳይነሣ ይዘጋዋል። ቅንብሩ ከተምታታብሽ ብዙዎቹ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ 8 ሲጻፍ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳሉ፤ የራሱን መመሪያ ግን አንብቢ።

እስከዚያው ድረስ ሁለት ነገር አታድርጊ። የአያትሽን ሎኮሞቲቭ ዲኮደር ሳይገባለት በዲጂታል ሐዲድ ላይ አታቁሚው፤ ቆሞ ይጮኻል፤ ሞተሩም ይግላል። አሮጌውን ትራንስፎርመርና አዲሱን መቆጣጠሪያም በአንድ ሐዲድ ላይ በአንድ ጊዜ አታገናኚ፤ አንዱ ሌላውን ይገድለዋል።

ሞተሩን ካጸዳሽ በኋላ የሽፋኑን ፎቶግራፍ ከፊትና ከኋላ አንሥተሽ፣ በነጻ ሲዞርና ተይዞ ሲቆም የሳበውን አምፔር ጨምረሽ ላኪልኝ። በቦይለሩ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታም በሚሊ ሜትር ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ አክስትሽ የትኛውን ዲኮደርና የትኛውን የሞተር ሽፋን እንደምትገዛ በስም እነግርሻለሁ።